አንጂዮግራሙ «ንጹሕ ነው» ተባለ፤ ደረቴን ግን አሁንም ያፍነኛል

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ ሰላም ወገኖቼ። 54 ዓመቴ ነው። የግፊትና የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ፤ እናቴም በልብ ሕመም ነው ያረፈችው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ደረጃ ስወጣ ደረቴን መሀሉ ላይ ያፍነኛል፤ ወደ መንጋጋዬና ወደ ጀርባዬም ይሄዳል። አንድ ቀን የታጠበ ልብስ ከምድር ቤት ይዤ ስወጣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቅርጫቱን እንደታቀፍኩ ቁጭ አልኩ፤ አሥር ደቂቃ ያህል መነሣት አቃተኝ። ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ደህና፣ ትሮፖኒን የሚሉት የደም ምርመራም ሁለቴ ተደግሞ ደህና። ቆይቶ በእጄ አንጓ በኩል ገብተው አንጂዮግራም የሚሉትን፣ የልብ ሥሮችን በቀለም የሚያሳይ ራጅ አነሡኝ። «የልብሽ ሥሮች ንጹሕ ናቸው፣ ጭንቀት ይሆናል» ብለው የጨጓራ መድኃኒት ሰጥተው ሸኙኝ። ስድስት ሳምንት ዋጥኩት፤ ለውጥ የለም። ቤተሰቡም «አበዛሽው» ማለት ጀምሯል። ከዚህ በኋላ ምን ብዬ ልጠይቅ?

የልብ ክፍል ነርስ፦ ኧረ አላበዙትም። ንጹሕ የተባሉት ትልልቆቹ ሥሮች ናቸው። አንጂዮግራም ከግማሽ ሚሊሜትር የቀጠኑትን አያሳይም፤ ደሙ ለልብ ጡንቻ የሚከፋፈለው ደግሞ በእነሱ ነው። ደረጃ ሲወጡ እነዚህ ጥቃቅን ሥሮች በቅጡ ካልሰፉ፣ ወይም ትልቁ ሥር ድንገት ከተኮማተረ፣ ሕመሙ የልብ ሕመም ነው። ሴቶች ላይ ይበዛል። አሜሪካ ውስጥ በ1996 የተጀመረው ዋይዝ የተባለ የሴቶች ጥናት፣ ሥሮቻቸው ክፍት ሆነው ሕመሙ የቀጠለባቸው ሴቶች ለልብ ችግር ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል።

«የጥቃቅን ሥሮቼ የደም ፍሰት ተለክቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የሚለካው ልብን በመድኃኒት አሠርተው በሚያነሡት ፔት ስካን ወይም የልብ ኤምአርአይ በሚባል ምስል ነው። ያ ካልበቃ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ገብተው፣ ሥሮችን በሚያሰፋው አዴኖሲን በተባለ መድኃኒት ፍሰቱ ስንት እጥፍ እንደሚጨምር ያያሉ፤ 2 እጥፍ እንኳ ካልደረሰ ችግር አለ ማለት ነው። አሴቲልኮሊን በተባለ ሌላ መድኃኒት ደግሞ ሥሩ ይኮማተር እንደሆነ ይፈትናሉ። ደም ማነስ፣ ታይሮይድና ሳንባም መታየት አለባቸው። በእርግዝና ጊዜ ግፊት ወይም ስኳር ነበረብዎት? ባይጠየቁም ይንገሯቸው።

ሕመሙ ተቀምጠው ሳሉ ከመጣ፣ ላብ ካጠመቀዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ወዲያው 911 ይደውሉ፤ ራስዎ መኪና አይንዱ። ያለፈው ምርመራ ደህና ነበር ብለው አይጠብቁ።

ዳላስ፦ እኅቴ፣ እኔም ሁለት ዓመት «ጭንቀት ነው» ሲሉኝ ኖሬያለሁ። የእኔ ሊነጋጋ ሲል ነበር የሚቀሰቅሰኝ። የጠቀመኝ ደብተር ነው፦ ሰዓቱ፣ ምን እያደረግሁ እንደነበር፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ። ሦስት ሳምንት ጽፌ ሌላ የልብ ሐኪም ፊት ዘረጋሁት። ገጹን በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው?» አለኝ። የሥር መኮማተር ሆኖ ተገኘ፤ ካልሲየም ማገጃ የሚባል ሥር የሚያላላ መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፌን እተኛለሁ። የአንጂዮግራምሽን ምስል በሲዲ ተቀበያቸው፣ የራስሽ ነው፤ አዲሱ ሐኪም ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉን ይይ።

የእማዬ ልጅ፦ እኔ ስለ ቋንቋ ልናገር። እማዬ «ልቤን ያመኛል» ስትል ለሐኪሙ «ሆዷን ነው» ብዬ ተረጎምኩ። እኛ ቤት «ልቤን አቃጠለኝ» ጨጓራ ነው፣ «ልቤን አጥወለወለኝ»ም ማቅለሽለሽ። በኋላ የመጣችው የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ግን «እማማ፣ የሚያምዎት ቦታ ላይ እጅዎን ያሳርፉበት» አለቻት። እማዬ ጡጫዋን ደረቷ መሀል ላይ አሳረፈች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የመጠየቅ መብት አለን፤ እባካችሁ ልጅ ወይም ባል አይተርጉም።

ከአዲስ አበባ፦ እኅቴ ተመሳሳይ ሕመም አለባት። የምትታከምበት ቦታ እንዲህ ያለ መለኪያ የለም ተባልን። ምን እናድርግ?

የልብ ክፍል ነርስ፦ ኢሲጂ፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ የደም ምርመራ፣ ከተቻለም የልብ ሲቲ ትነሣ። ትልልቆቹ ሥሮች ደህና ከሆኑ ሐኪሟ በምልክቱ ተነሥቶ መድኃኒት ሊጀምርላትና ለውጡን ሊከታተል ይችላል። ግፊቷን፣ ስኳሯንና ኮሌስትሮሏን ማስተካከል ራሱ ሕክምና ነው፤ መለኪያ እስኪገኝ አይጠበቅም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለተኛ ልጄን ግፊቴ ወጥቶ በ34 ሳምንት ነው የወለድኳት፤ እስከ ዛሬ የልብ ሐኪም ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬ ደውዬ ነገርኳቸው፤ ፔት ስካን ለሐሙስ ያዙልኝ። ጠዋት ቡናዬን ጠጥቼ ልሂድ?

የልብ ክፍል ነርስ፦ በፍጹም! ካፌይን ለምርመራው የሚሰጥዎትን መድኃኒት ያከሽፈዋል፣ ምርመራውም ሊሰረዝ ይችላል። 24 ሰዓት ቀደም ብሎ ቡና፣ ሻይ፣ ኮካ፣ ቸኮሌት የለም፤ ካፌይን የለውም የሚባለው ቡናም ጭምር። ከግፊትና ከስኳር መድኃኒትዎ የትኛውን እንደሚያቆዩ ደግሞ ነገ ደውለው ይጠይቋቸው።