97 በመቶ ያገኘው ሞዴሌ ውድቅ ተደረገ፤ በምስል ትንተና ወደ ሦስተኛ ዲግሪ እንዴት ልቀጥል?

ጥያቄ፦ የበቆጂ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህርት ነኝ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬን የሠራሁት ዋግ የተባለውን የስንዴ የፈንገስ በሽታ ከፎቶግራፍ በሚለይ የኮምፒውተር ሞዴል ላይ ነው። በሁለት የመኸር ወቅቶች አርሲ ውስጥ አሥራ አንድ ማሳ እየዞርኩ በስልኬ 4,200 ያህል ፎቶ አነሣሁ። ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ቅጠሉን በግራ እጄ ደግፌ በቀኜ አነሣ ነበር፤ ወደ ቤት ስመለስ አውራ ጣቴ በዋጉ ብናኝ ቢጫ ሆኖ ይቆየኛል። ምስሎቹን ጤነኛ፣ ቢጫ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና የግንድ ዋግ ብዬ ለየኋቸው። ሬስኔት-50 የተባለውን የታወቀ የምስል መለያ ሞዴል አሠልጥኜ 97 በመቶ ትክክለኛነት አገኘሁ፤ ፈታኞቼም አመሰገኑኝ።

ከዚያ ለአንድ ጆርናል ላክሁት፤ ከአምስት ወር በኋላ ተመለሰ። የገምጋሚው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ምስሎቹ የተከፈሉት በዕጣ በመሆኑ የአንዱ ቅጠል አንድ ፎቶ ማሠልጠኛው ውስጥ፣ ሌላው ፎቶ መፈተኛው ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ 97 በመቶው ስለ ሞዴሉ ችሎታ ምንም አያረጋግጥም። ሁለት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሬን መክፈት አቃተኝ። አንድ ባልደረባዬ «ክፍያውን ከፍለሽ በሁለት ሳምንት የሚያትምልሽ ጆርናል አለ፤ ምን አስጨነቀሽ?» አለኝ።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ሥራዬ ከንቱ ቀረ ማለት ነው? ሕይወቴን በምርምር ማሳለፍ እፈልጋለሁ፤ ሦስተኛ ዲግሪዬን አገር ውስጥ ልማር ወይስ ውጭ ላመልክት? ሞዴል ለማሠልጠን የሚያስፈልገው ፈጣን የስሌት ካርድ፣ ጂፒዩ፣ የራሴ ሳይኖረኝስ እንዴት ልዝለቅ?

መልስ፦ ከኡፕሳላ

እህቴ፣ ሥራሽ ከንቱ አልቀረም። ገምጋሚው ውለታ ውሎልሻል። አሥራ አንድ ማሳ በእግር ዞሮ የተሰበሰበ ምስል እዚህ ያሉ ብዙ ተማሪዎች የሌላቸው ሀብት ነው።

በመጀመሪያ ክፍፍሉን በምስል ሳይሆን በማሳ አድርጊው። አሥሩን ማሳ ለማሠልጠኛ፣ አንዱን ለመፈተኛ ትተዪና አሥራ አንድ ጊዜ ታዟዙሪዋለሽ። በሕክምና ምስል ዘርፍ ይህ የታወቀ ደንብ ነው፤ ቼስትኤክስሬይ-14 የተባለው የደረት ራጅ ስብስብ 112,120 ምስሎች ቢኖሩትም ታካሚዎቹ 30,805 ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ የሚከፈለው በታካሚ ነው። ላንቺ ታካሚው ማሳው ነው።

ቁጥሩ ይወርዳል፤ አትደንግጪ። በእጽዋት በሽታ ዘርፍ በጣም የሚጠቀሰውን እ.ኤ.አ. የ2016 ጥናት ተመልከቺ። ፕላንትቪሌጅ የተባለውን የ54,306 ቅጠል ምስሎች ስብስብ ተጠቅመው 99.35 በመቶ አገኙ። ያንኑ ሞዴል ከሌላ ምንጭ በመጡ ምስሎች ሲፈትኑት ወደ 31 በመቶ ገደማ ወረደ። ይህን ራሳቸው በጽሑፋቸው አስፍረውታል። ያንን ጥናት ሳስብ ከ99ኙ ይልቅ 31ዱ ነው የሚታወሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ እንዲጠይቅ ያደረገው እሱ ነውና።

የራሴንም ልንገርሽ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በወባ የደም ናሙና ምስል ላይ ነበር። ሞዴሉ ምስሉ ውስጥ የትኛውን ቦታ እንደሚያይ በቀለም የሚያሳየውን፣ ይበልጥ የሚያየውን ቦታ በቀይ የሚያመለክተውን ግራድ-ካምን ስሞክር፣ ቀዩ ተሕዋሲው ላይ ያርፋል ብዬ ስጠብቅ ባዶው የስላይድ ጠርዝ ላይ አረፈ። ለካ ወባ የተገኘባቸው ናሙናዎች አብዛኞቹ ከአንድ ጤና ጣቢያ የመጡ፣ ቀለማቸውም ጠቆር ያለ ነበር። ሞዴሌ ወባን ሳይሆን የጤና ጣቢያውን ቀለም ነበር የተማረው። አንቺም ሞክሪው፤ በተለይ ጣትሽ የሚታይባቸውን ፎቶዎች።

ስለ ትምህርቱ፦ ስዊድን ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ደመወዝተኛ ሠራተኛ ነው። የትምህርት ክፍያ የለም፤ የአራት ዓመት ምርምር ነው፤ ማስተማር ሲጨመርበት እስከ አምስት ይደርሳል። ቦታው እንደ ማንኛውም ሥራ በማስታወቂያ ይወጣል፣ የምታመለክቺውም ለዚያ ለተወሰነው ርዕስ ነው። ስለዚህ ለሃምሳ ፕሮፌሰሮች አንድ ዓይነት ደብዳቤ አትበትኚ። ለሦስት ሰዎች ጽሑፋቸውን አንብበሽ፣ ከራስሽ ሥራ ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ በሁለት አንቀጽ ጻፊ።

መልስ፦ የእርሻ ሰው

ልጄ፣ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት በዕፅዋት በሽታ ምርምር አሳልፌ በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ «ይህ ቢጫ ዋግ ነው፣ ይህ የቅጠል ዋግ ነው» ብሎ የወሰነው ማን ነው?

ቢጫ ዋግ በጎለመሰ ቅጠል ላይ በቅጠሉ ሥር አቅጣጫ መስመር ሠርቶ ይወጣል። በለጋ ቡቃያ ላይ ግን መስመሩን ስለማይሠራ ከቅጠል ዋግ ጋር ያምታታል። የግንድ ዋግ እንደ ጡብ የቀላ ነው፤ የግንዱን ቆዳ ሰንጥቆ ሲወጣ በጣትሽ ስትዳስሺው ይሻክርሻል። ይህን ሁሉ ከስልክ ፎቶ ብቻ አይተሽ ስም ሰጥተሽ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩን ያስተማርሽው የራስሽን ስሕተት ጭምር ነው። ሁለት ባለሙያ ለየብቻ ሆነው እነዚያኑ ምስሎች ይሰይሙ፤ የት እንደተስማሙና የት እንደተለያዩ ጻፊው።

ሌላው፣ ዓመትና ዝርያ መዝግቢ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ሲጨርሳቸው ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ወደተባለው ዝርያ ዞረ። ሦስት ዓመት ሳይቆይ፣ በ2013፣ የግንድ ዋግ ያንኑ ዲገሉን በባሌና በአርሲ መታው። በሽታው ይለወጣል፣ ዝርያውም ይለወጣል። በአንድ ዓመት ማሳ የተማረ መሣሪያ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚል ሳይፈተን ለልማት ሠራተኛ እጅ መሰጠት የለበትም። ያንቺ ሁለት ወቅት እዚህ ላይ ዋጋ አለው።

መልስ፦ የማታ ተማሪ

እኔ ሦስተኛ ዲግሪዬን አገር ውስጥ እየተማርኩ ነው፤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በቅድሚያ ስለዚያ በሁለት ሳምንት ያትማል ስለተባለው ጆርናል፦ በፍጹም እንዳትሞክሪው። እኔ ሁለት ጽሑፍ እንደዚያ አሳትሜ የደረጃ ዕድገት ሳመለክት ኮሚቴው አልቀበልም አለኝ። ገንዘቡም ሄደ፣ ጽሑፉን ሌላ ቦታ ማሳተምም አልቻልኩም፤ አንዴ ታትሟልና። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥራት ሁሉ በክፍያ አይመጣም። ጀርናል ኦፍ ማሽን ለርኒንግ ሪሰርችም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 የጀመረው ቲኤምኤልአር የተባለው ጆርናል ከጸሐፊም ከአንባቢም ገንዘብ አይጠይቁም። ኦፕንሪቪው የተባለው ድረ-ገጽ ላይ ደግሞ እንደ አይሲኤልአር ያሉ ታላላቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤዎች የግምገማ አስተያየት ለሁሉም ክፍት ነው። ውድቅ የተደረጉትን ጽሑፎች አስተያየት በሳምንት ሁለት ሁለት አንብቢ። እኔን ከየትኛውም ኮርስ በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው።

አገር ውስጥ መማር ጥቅሙ ማሳው ደጅሽ መሆኑ ነው። ጉዳቱ በርዕስሽ የሚያማክርሽ ሰው ማነሱና የማስተማር ጫናው ነው። አገር ውስጥም ሆነ ውጭ ስትሄጂ ከዩኒቨርሲቲሽ ጋር የምትፈርሚውን የትምህርት ውል አንቀጽ በአንቀጽ አንብቢ፤ ዋስ የሚሆንሽም ሰው ያንብበው። ስንት ዓመት ተመልሰሽ እንደምታገለግዪና ብታቋርጪ ምን እንደሚከተል ቀድመሽ ዕወቂ።

ስለ ጂፒዩ፦ ካግል የተባለው ድረ-ገጽ በሳምንት 30 ሰዓት ያህል የጂፒዩ አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። ይህ ላንቺ 4,200 ምስል ከበቂ በላይ ነው። ምስሎቹን አስቀድመሽ አሳንሰሽ ጫኚ፤ በየዙሩ ሞዴሉን አስቀምጪ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

የአሜሪካውን ልጨምር። እዚህ የምታመለክቺው ለፕሮግራሙ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ የትምህርት ክፍያና ወርኃዊ አበል ይሸፈናል። አብዛኛው ማመልከቻ የሚዘጋው ከኅዳር ማገባደጃ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግሻል፤ ትልቁ እንቅፋትም እሱ ነው። «ታታሪና ጨዋ ናት» የሚል ደብዳቤ አይረዳሽም። አማካሪሽ ከገምጋሚው አስተያየት በኋላ ምን እንዳደረግሽ ቢጽፉልሽ ግን አንባቢው ቆም ብሎ ያያል። የማመልከቻ ክፍያውን ብዙ ቦታ በጥያቄ ይተዉታል፤ መጠየቅ አትፈሪ።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎቹ ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ እ.ኤ.አ. በ2017 የመሠረቱት ብላክ ኢን ኤአይ የተባለው ድርጅት ለዶክትሬት የሚያመለክቱ ጥቁር ተማሪዎችን ማመልከቻቸውን በማየት ይረዳል። የእኔን የዓላማ መግለጫ ሦስት ጊዜ ያረሙልኝ እነሱ ናቸው። በአህጉራችን በየዓመቱ የሚካሄደው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ፣ ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባም አለ።

አንድ ተግባራዊ ነገር፦ እ.ኤ.አ. የ2020 አይሲኤልአር አዲስ አበባ ሊካሄድ ታቅዶ በኮቪድ ምክንያት በኢንተርኔት መካሄዱን ታስታውሻለሽ። ከእሱ ጋር ተያይዞ ዚንዲ በተባለው የዳታ ውድድር ድረ-ገጽ ላይ የስንዴ ዋግን ከምስል የመለየት ውድድር ነበረ፤ ከምስሎቹ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያና ከታንዛኒያ ማሳዎች የተነሡ ናቸው። ቢጫ ዋግ የለበትም፤ የቅጠል ዋግ፣ የግንድ ዋግና ጤነኛ ስንዴ ግን አለ። ሞዴልሽን በእነዚህ በሦስቱ ፈትኚው። ሌላ ሰው በሌላ ካሜራ ያነሣው ምስል ነውና ከዚያ የተሻለ ፈታኝ አታገኚም።

የበቆጂ ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በማሳ ከፍዬ አሥራ አንዱንም ዙር ጨረስኩ። አማካዩ 68 በመቶ ነው፤ ከሁሉ የባሰው ማሳ 49፣ የተሻለው 83። ግራድ-ካምን ስሞክር የተባለው ደረሰ። ቢጫ ዋግ ካልኳቸው ፎቶዎች ብዙዎቹ ላይ ቀዩ ያረፈው በብናኝ የቀለመው አውራ ጣቴ ላይ ነው። ጤነኛ ቅጠል ሳነሣ ጣቴ ንጹሕ ነበር፤ ሞዴሉ ያንን አይቶ ነበር የሚለየው። አሁን ጣቴን ከምስሎቹ እየቆረጥኩ ነው። አማካሪዬም ጽሑፉን በዚህ ግኝት ዙሪያ እንደ አዲስ እንድጽፈው ተስማምተዋል። ኡፕሳላ ላሉት ወንድሜ ረቂቁን እልካለሁ።

ጋሼ፣ እርስዎን አንድ ነገር ላስቸግር። ከለጋ ቡቃያ የተነሡ 310 ፎቶዎች አሉኝ፤ እርስዎ ያሉት ግራ መጋባት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ስሙን ደብቄ ብልክልዎ ያዩልኛል?

የእርሻ ሰው

ላኪልኝ። የማሳውን ከፍታና የተነሣበትን ቀን ግን ለየብቻ ጻፊልኝ፤ እሱን መጀመሪያ አላይም፣ ከወሰንኩ በኋላ ነው የማየው። አንድ የቀድሞ ባልደረባዬም ለብቻው እንዲያያቸው አደርጋለሁ።