የድሬስደኗ ፍራውንኪርሸ እንደገና መሠራት ነበረባት?

አወያይ፦ ድሬስደን የሄደ ሁሉ የዚህችን ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ይለጥፋል። ለማያውቃት፣ በ1743 የተጠናቀቀች የባሮክ ዘመን የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ናት። በፌብሩዋሪ 1945 እንግሊዝና አሜሪካ ከተማዋን በቦምብ ሲደበድቡ ፈረሰች። ወደ 50 ዓመት ገደማ ፍርስራሽ ሆና ቆይታ ከ1994 እስከ 2005 ተሠራች። ልክ ነበር ወይስ ፍርስራሹ መቆየት ነበረበት?

የድሮው ተማሪ፦ መቆየት ነበረበት። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን እዚያ ስማር የድንጋይ ክምር ነበረች፣ ከላዩ ሁለት የግድግዳ ቁራጭ ብቻ ቆሞ። ድብደባው በጀመረበት ቀን፣ ፌብሩዋሪ 13 ማታ፣ ወጣቶች ሻማ ይዘው ይመጡ ነበር። ጦርነት ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም ነበር። ዛሬ ቱሪስቱ ወርቁን አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። በርሊን በጦርነቱ የተመታውን የካይዘር ቪልሄልም ቤተ ክርስቲያን የተሰበረ ግንብ እንዳለ ትተው አዲሱን ከጎኑ ሠርተዋል፤ እንደዚያ ማድረግ ይቻል ነበር።

የበርሊኗ፦ ጋሼ፣ በዚህስ አልስማማም። ግድግዳዋን ጠጋ ብለው አይተውታል? ከፍርስራሹ የተለቀሙት ድንጋዮች ጥቁር ናቸው፣ አዲሶቹ ፈዛዛ ቢጫ፣ እና ከታች እስከ ላይ እንደ ጠባሳ ተዘበራርቀው ይታያሉ። ከፍርስራሹ የወጣው የተጣመመ መስቀል ውስጥ ቆሟል። ጉልላቱ ላይ ያለውን አዲሱን መስቀል የሠራው ደግሞ የለንደን አንጥረኛ ነው፤ አባቱ ድሬስደንን ከደበደቡት አብራሪዎች አንዱ ነበር። ፍርስራሽ ብቻውን «ተመታን» ነው የሚለው። ኒዮናዚዎቹ በየዓመቱ በዚያ ቀን የሚሰለፉትም ይህችን ቃል ብቻ ይዘው ነው።

ግንበኛው፦ እኔ በሙያዬ ልናገር። ጉልላቷን የጣላት ቦምብ በቀጥታ አይደለም። እሳቱ ድንጋዩን አግሎ አዳከመውና ምሰሶዎቹ አልቻሉም፣ በፌብሩዋሪ 15 ጠዋት ተደረመሰች። ሲሠሩ ክምሩን በአካፋ አልጠረጉትም፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሱ፣ እየለኩ፣ የቱ የት እንደነበረ እየፈለጉ ወደ ቦታው መለሱ። በሺዎች የሚቆጠር ድንጋይ! ወጪው 180 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው፣ ከግማሽ በላዩ መዋጮ። ሳይንቲስቱ ጉንተር ብሎበል የ1999 የኖቤል ሽልማት ገንዘቡን ለድሬስደን ሰጥቷል፣ ለዚህችም ለአይሁድ ምኩራቡም። ሕዝብ እንዲህ ከፈለገ ማን ይከለክለዋል?

የድሮው ተማሪ፦ ሥራቸውን አላናንቅም፣ ድንቅ ነው። ግን ወንድሜ፣ አንተ ታውቀዋለህ፣ የተሠራችበት የኤልበ አሸዋ ድንጋይ ብረት ስላለበት በጊዜ ብዛት በራሱ ይጠቁራል። አዲሱም ይጠቁራል። ያኔ እህቴ ያልሽው ጠባሳ የት ይገኛል?

ግንበኛው፦ እሱ እውነት ነው። ይጠቁራል።

የበርሊኗ፦ ይጥቆር። የዛሬ መቶ ዓመት የሚመጣው ሰው ከድንጋይ ቀለም ሳይሆን ከሰው መስማት አለበት። ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ናት እኮ ጋሼ፣ ሐውልት አይደለችም። ቀትር ላይ ጸሎት አለ፣ ኦርጋኑ ይመታል፣ ሰው ይጠመቃል፣ ይጋባል። ፍርስራሽ ውስጥ ይኼ ሁሉ አይሆንም።

የድሮው ተማሪ፦ ለጸሎቱ ከተማው ሌላ ቤተ ክርስቲያን አላጣም። ያ ፍርስራሽ ግን አንድ ነበር።