በ1942 ፓሪስ ያሰረው የትኛው ፖሊስ ነው? እርዳታችሁን እፈልጋለሁ

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1942፣ በናዚ ጀርመን ወረራ ሥር በነበረችው ፓሪስ ውስጥ የታሰሩ ሰዎችን ዝርዝር ባሰራቸው ክፍል እየለየሁ ነው። መዝገቡ ብዙውን ጊዜ «በጀርመን ፖሊስ ተይዟል» ብሎ ያልፋል። የትኛው ፖሊስ?

እስከ ሜይ መጨረሻ ያለው ይሻላል። ፌልድጀንዳርመሪ (ዩኒፎርም ለባሹ የጀርመን ጦር ፖሊስ) እና ምስጢራዊው የጦር ሜዳ ፖሊስ የሚታዘዙት ለጀርመን ጦር አስተዳደር ነበር። ፌልድጀንዳርሞቹ አንገታቸው ላይ በሰንሰለት የሚያንጠለጥሉት የብረት ሰሌዳ ስላላቸው በምስክሮች ቃል ይለያሉ። ምስጢራዊዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ሲቪል ስለሚለብሱ ሰው ሁሉ «ጌስታፖ» ይላቸዋል፤ እውነተኛውን ጌስታፖ (የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ) ያቀፈው የሄልሙት ክኖኸን የደኅንነት ፖሊስም እዚያው ከተማ ይሠራ ነበር።

የቸገረኝ ከጁን 1 በኋላ ያለው ነው። ካርል ኦበርግ በፈረንሳይ የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ድርጅት) እና የፖሊስ የበላይ ሆኖ ሥራ ሲጀምር የፖሊሱ ሥልጣን ከጦሩ እጅ ወጣ፤ ከምስጢራዊው የጦር ሜዳ ፖሊስ ብዙዎቹም ወደ ክኖኸን ተዛወሩ። ስለዚህ ያው መርማሪ በማርች በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በጁላይ በሌላ ስም ሊፈርም ይችላል።

ፋይሉ ለጦር ፍርድ ቤት ከቀረበ የጦሩ፣ ሰውየው ያለ ፍርድ ከፓሪስ ሰሜን ወዳለው የጀርመኖች እስረኛ ካምፕ ወደ ኮምፒዬን ከተላከ የደኅንነት ፖሊሱ ብዬ ብመድብ ያስኬዳል? የሚያሰጋኝ በዲሴምበር 1941 የጦሩ ፖሊስና የደኅንነት ፖሊሱ አብረው ያሰሯቸው ከ700 በላይ አይሁዶች እዚያው ካምፕ መግባታቸው ነው።

የጁላይ 16 እና 17ቱን የአይሁዶች አፈሳ «ጀርመን» ሥር አላስገባውም። ትእዛዙ የጀርመኖች ቢሆንም በር እያንኳኳ ከ12,000 በላይ ሰው የወሰደው የፈረንሳይ ፖሊስ ነው። አዛዡንና አሳሪውን በሁለት ዓምድ ለይቶ የመዘገበ ካለ፣ አሠራሩን እባካችሁ አሳዩኝ።