ከመስከረም በፊት የስድስቱ ካርት (የትንንሽ መወዳደሪያ መኪኖቻችን) ሰርቪስ፦ የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

ሳምሶን፣ ነሐሴ 3
ረቂቁ ይኸው፣ እየቆረጣችሁ ጨምሩበት። አሥራ አራት አባል፣ በነፍስ ወከፍ 2,000 ብር፣ 28,000። ዓላማው አንድ ነው፦ ስድስቱም የሆንዳ ጂኤክስ 200 ሞተሮች እኩል ይጎትቱ። አምና በዕጣ 2 ቁጥር ካርት የደረሰው ሁሉ ያኮረፈውን አንድገመው። ቫልቭ ማስተካከል (ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የመግቢያው ክፍተት 0.15፣ የመውጫው 0.20 ሚሊሜትር)፣ አዲስ ካንዴላ፣ ዝቅ ያለ ጂግለር (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነው ቀዳዳ)፣ ለ2 እና ለ3 ቁጥር ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)። ሰንሰለት በየልምምዱ እየተጠረገ የተቃጠለ ዘይት ይቀባ።

ሄለን፣ ነሐሴ 3
ጂግለሩ ላይ ማንም እንዳይከራከር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እኛ የያዝነው ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ነው። ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ የሚወጣው፣ ቤንዚን እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ሞተሩ የሚታነቀው በዚያ ነው። ግን አዳማ ስንወርድ የድሮው ይመለስ የሚል ይጻፍበት። ታች አየሩ ይወፍራል፣ በትንሹ ጂግለር ቤንዚን ያጥረውና መውጫ ቫልቩን ያቃጥላል።

ጋሽ መኮንን፣ ነሐሴ 4
ፋሻ ከመግዛታችሁ በፊት የ3 ቁጥርን ዘይት ለኩ። የሚይዘው 0.6 ሊትር ነው፣ ባለፈው ሙሉ ሊትሩን ገልብጠውበታል። ትርፉ በመተንፈሻው ቱቦ ወደ አየር ፊልትሮው ይሄዳል፣ ካርቡሬተሩ ይጠጣዋል፣ ያ ነው ሰማያዊው ጭስ። ፊልትሮውን ክፈቱት፤ በዘይት ከራሰ ፋሻው ጥፋት የለበትም። 2 ቁጥር ግን ኮምፕሬሽኑ (ፒስተኑ የሚያምቀው ግፊት) ይለካ።

ዮናስ፣ ነሐሴ 4
መለኪያው እኔ ጋ አለ። ቅዳሜ አመጣለሁ።

ሄለን፣ ነሐሴ 4
ቁጥሩ ዝቅ ቢል አትደንግጡ። ጂኤክስ ገመዱ ሲሳብ መውጫ ቫልቩን ትንሽ ከፍቶ ግፊቱን የሚያቀልል ነገር አለው። ከ1 ቁጥር ጋር አስተያዩት እንጂ ከመኪና ጋር አይደለም።

ብሩክ፣ ነሐሴ 5
«የተቃጠለ ዘይት» የሚለው ይውጣ። ለሌላው እስማማለሁ።

ሳምሶን፣ ነሐሴ 5
ለምን? በነፃ ነው። ሱማሌ ተራ ጀሪካን ይዘህ ብትሄድ ይሞሉልሃል።

ብሩክ፣ ነሐሴ 5
በነፃ የሆነው ለዚያ ነዋ! ውስጡ የብረት ብናኝና ጥላሸት ነው። ሰንሰለቱ ላይ የእኛ ቀይ አቧራ ሲጣበቅበት ሞረድ ይሆናል። የ4 ቁጥርን ኋላ ጥርስ እዩት፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ ታጥፏል። ደግሞ ሲሽከረከር የሚረጨው የት ይመስልሃል? ዲስኩ እዚያው አክሱል ላይ ነው ያለው። የፍሬን ሸራ ዘይት ከጠጣ መጣል እንጂ ማጠብ አያድነውም።

ተስፋዬ፣ ነሐሴ 5
ግራሶ ይቀባ፣ አለቀ።

ብሩክ፣ ነሐሴ 5
ግራሶ ከላይ ይቀመጣል እንጂ የሰንሰለቱ ፒንና ፒኑ የሚዞርበት ቦኮላ መሀል አይገባም። የሚበላው ደግሞ እዚያ ነው።

ሳምሶን፣ ነሐሴ 6
አራት ዓመት የተቃጠለ ዘይት ስንቀባ የት ነበርክ? ረቂቅ ሲጻፍ ዝም፣ ከተጻፈ በኋላ ምሁር።

ብሩክ፣ ነሐሴ 6
አራት ዓመት ስንት ሰንሰለት እንደገዛን ራሄልን ጠይቃት። የእኛ ሰንሰለት መጠኑ 35 ነው፣ የሞተር ሳይክል 428 አይገባለትም፣ እንደ ልብም አይገኝም። የምሁርነቱን ነገር በአካል ንገረኝ።

ራሄል (ገንዘብ ያዥ)፣ ነሐሴ 6
እኔን አታስገቡኝ። ሰባት።

ተስፋዬ፣ ነሐሴ 6
ሰባት??

ጋሽ መኮንን፣ ነሐሴ 7
ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ሰንሰለቱን አውጡት፣ በነጭ ጋዝ በብሩሽ እጠቡት፣ አድርቁት። የካምቢዮ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ፣ ጠዋት አንጠልጥላችሁ አንጠባጥቡትና በጨርቅ ከላይ ጥረጉት። ጨርቅ ላይ እድፍ እንጂ እርጥበት መቅረት የለበትም። አንድ ሊትር ለስድስቱም ይተርፋል። ስትመልሱት መሀሉ ላይ በጣት ሲጫን 12 ሚሊሜትር ያህል ይርገብ። ከወጠራችሁት የአክሱሉን ኩሽኔታ ይበላል፤ ከላላ ይዘላል። ፊትና ኋላ ጥርሱም በቀጥተኛ ብረት ይታይ፤ ከጎን እየተፋቀ ያለ ሰንሰለት ዘይት አያድነውም።

ሳምሶን፣ ነሐሴ 7
እሺ ጋሼ። ለእርስዎ ስል ነው የማወጣው።

ሄለን፣ ነሐሴ 9
አንድ ጣሳ ዘይት አምስት ቀን በላ። ቅዳሜም አለፈ፣ ዮናስ ስልክ አያነሳም፣ መለኪያውም የለም። 5 ቁጥር መታጠፊያ ላይ የሚጠፋው ዘይት ሲያንስ ሞተር በሚያጠፋው ስዊች ነው፤ ዘይቱ ወደ ጎን ሲሸሽ ያለቀ ይመስለዋል። የስዊቹ ቢጫ ሽቦ ትነቀል፣ በምትኩ ካርቱ ከመውጣቱ በፊት ዘይት ማየት ግዴታ ይሁን። ይህን ረቂቁ ውስጥ ማን ያስገባል?

ተስፋዬ፣ ነሐሴ 10
ብሩክ ያለው አቧራ ከሆነ ችግሩ ምንጩ ይደፈን። ካርቶቹ የሚያድሩት አፈር ላይ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ይሁንና ከላይ ቆርቆሮ ይጣልበት።

ብሩክ፣ ነሐሴ 10
በዚህስ እደግፋለሁ። ጎማም ፀሐይ ላይ እያደረ ነው የሚደርቀው።

ሄለን፣ ነሐሴ 10
ወለል ሞተር አይጠግንም።

ራሄል፣ ነሐሴ 12
የከፈለው ዘጠኝ ሰው ነው፣ 18,000 ብር። ወለልና ቆርቆሮው 13,000 ተገምቷል። ወለሉና የሞተሩ ሥራ ሁሉ አብረው አይሄዱም።

ሳምሶን፣ ነሐሴ 13
የተሻሻለው ረቂቅ፦ ወለልና ቆርቆሮ፤ ነጭ ጋዝ፣ ብሩሽና የካምቢዮ ዘይት፤ ስድስት ካንዴላ፤ የ5 ቁጥር ሽቦ። ቫልቭ በራሳችን እጅ። ጂግለርና የ2 ቁጥር ፋሻ ለጥቅምት ተላልፏል። የ3 ቁጥር ፊልትሮ ተከፍቷል፣ በዘይት ርሷል፣ ጋሼ ልክ ናቸው። ለዘይቱና ለመፍቻዎቹ ቁልፍ ያለው ሳጥን ይገዛ።

ተስፋዬ፣ ነሐሴ 13
ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?

ብሩክ፣ ነሐሴ 13
ሳምሶን ጋ እንዳይሆን።