ደንባችን መዝገቡ ውስጥ ይግባ፦ ለቅዳሜው ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ያለው የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ደንብ «ማንም ለራሱ ዋስ አይሆንም» ይላል። ባለፈው ወር ግን ኮምፒውተሩ አንድ አባል ለራሱ ዋስ ሲሆን ዝም ብሎ መዘገበ። ምን ብለን እንጻፍ?

የመዝገብ ባለሙያ፦ ጥፋቱ የእኔ ነው። ክልከላውን ያኖርሁት በመሙያ ቅጹ ላይ ነበር፤ ስሞቹ ከኤክሴል ሲገለበጡ በቅጹ በኩል አላለፉም። ደንቡ ከመረጃው ጋር ማደር አለበት። ኤድጋር ኮድ የሚባለው የኮምፒውተር ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1985 ለመረጃ ቋቶች ካወጣቸው መመዘኛዎች አሥረኛው ይህንኑ ይጠይቃል። የደንባችንን አንቀጾች የምንጽፍበት ትንሽ ቋንቋ በኤስኪውኤል፣ ማለትም የመረጃ ቋት በሚታዘዝበት ነባር ቋንቋ ላይ እንሥራ እላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ የብድሩ ድምር ከቁጠባው ድምር እንዳይበልጥ ነው። ነባሩ ቋንቋ ይህን አይችልም እንዴ?

የመዝገብ ባለሙያ፦ በወረቀት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የኤስኪውኤል መስፈርት ለዚህ «አሰርሽን» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል የሚባሉት የመረጃ ቋት ፕሮግራሞች ግን አልሠሩትም። አንድ መስመር በተጨመረ ቁጥር ሁሉን መደመር ከባድ ነው። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቅጽበት ብድር ቢያጸድቁ ደግሞ፣ ለየብቻ ልክ የሆነው አንድ ላይ ሲሆን ጣሪያውን ያልፋል። የእኛ ቋንቋ ደንቡን አንብቦ የትኛው ሥራ ሊጥሰው እንደሚችል ራሱ ይለይ። ቁጠባ ማስገባት አይጥሰውም፤ ማውጣትና ማበደር ግን ሊጥሱት ይችላሉ። እነዚያ ብቻ በተራ ይፈተሹ።

የቁጥጥር ኮሚቴ፦ ልጄ፣ የዋሱ ቦታ ባዶ ቢተውስ? እኔ በወረቀቱ ዘመን በቀይ እስክሪብቶ እከብበው ነበር።

የመዝገብ ባለሙያ፦ ጋሼ፣ ዋናውን ነኩት። የኤስኪውኤል ፍተሻ የሚከለክለው መልሱ «ሐሰት» ሲሆን ብቻ ነው፤ ቦታው ባዶ ሆኖ መልሱ «አይታወቅም» ሲሆን ያሳልፋል። የእኛው «እውነት» ካልሆነ አያሳልፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከአንድ ሂሳብ ወደ ሌላ ስናዛውርስ? መሐል ላይ ብሩ የትም የለም። ያኔ ከከለከለ ሥራ ቆመ ማለት ነው።

ጸሐፊ፦ እንደ ፍጥነት መንገዳችን በር ይሁን፤ ሲገቡ ካርድ፣ ሲወጡ ሂሳብ።

የመዝገብ ባለሙያ፦ ፍተሻውን ሥራው እስኪያልቅ ማቆየትን ፖስትግሬስ ለአንዳንድ ደንቦች ያውቃል። እኛ ለሁሉም እናድርገው።

ጸሐፊ፦ ጳጉሜን 6ም በዘመነ ሉቃስ ብቻ ትመዝገብ። በ2015 ነበረች፣ በ2016 የለችም።

የቁጥጥር ኮሚቴ፦ ሲከለክል ምክንያቱን በአማርኛ፣ ከአንቀጹ ቁጥር ጋር ይንገረኝ። አባል ፊት ቆሜ «ስህተት» ብቻ ማለት አልችልም።

ጸሐፊ፦ ጽፌዋለሁ። ለራሱ ዋስ የሆነው ሰውዬስ?

የመዝገብ ባለሙያ፦ እሱ መዝገቡ ውስጥ እያለ አዲሱ ደንብ አይጫንም። ከቅዳሜ በፊት ዋስ ይፈለግለት።