ማሞግራፊው አለ አለ፣ አልትራሳውንዱ የለም አለ፤ የቱን እንመን?

የእማዬ ልጅ (አዲስ አበባ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። እብጠትም ሕመምም የላትም። ባለፈው ወር ጎትጉቼ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) አስነሣኋት። ሪፖርቱ እንዲህ ይላል፦ «በግራ ጡት፣ ወደ ብብት በኩል፣ አንድ ቦታ የተሰባሰቡ ጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣቦች። ባይራድስ 4። ናሙና ይወሰድ።» ደንግጠን በማግስቱ ሌላ ቦታ ሄድንና አልትራሳውንድ ታየች። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። «ምንም የለም፣ ንጹሕ ነው» ብለው ሸኙን።

አሁን እማዬ «ተመስገን፣ ነጻ ወጥቻለሁ» ብላ ናሙና የሚባል ነገር መስማት አትፈልግም። ወተትና አይብ ግን አቁማለች፤ ካልሲየም ነው ተብላ የለ! የቱን እንመን? የምታውቁ እባካችሁ።

አባ ቡና፦
አይዞሽ እህቴ። አክስቴም ጡቷ ላይ ካልሲየም አለ ተብላ ነበር። ይኸው 8 ዓመት ሆናት፣ ደህና ናት። መርፌ ከነካው ይባባሳል ይላሉ። ተዋት።

ራጅ ክፍል፦
ማሞግራፊ የማነሣ ባለሙያ ነኝ። አባ ቡና፣ በደግነት እንደጻፍክ ይገባኛል፣ ግን ምክርህ አደገኛ ነው። በናሙና መርፌ ምክንያት አይባባስም። ካልሲየም ሁሉም አንድ አይደለም። ትልልቁ፣ ፈንዲሻ የሚመስለው፣ ወይም የደም ሥር ተከትሎ እንደ ባቡር ሐዲድ የተዘረጋው ጉዳት የለውም። በዕድሜ የሚመጣ ነው። የአክስትህ ከዚህ ወገን ሊሆን ይችላል። ባይራድስ ማለት ጡት ላይ የታየው ነገር ምን ያህል እንደሚያጠራጥር የሚነገርበት ደረጃ ነው፤ እዚህ 4 የተባለው ግን ጥቃቅንና አንድ ቦታ የታጨቀ ነው።

ወደ ጥያቄው ልምጣ። ሁለቱ መሣሪያዎች አልተጣሉም። የሚያዩት ነገር ይለያያል። ካልሲየም ራጅን ያግዳል፣ ስለዚህ ማሞግራፊ ላይ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አልትራሳውንድ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን ነው የሚያነበው። የኩላሊት ጠጠር ቢሆን ትልቅ ስለሆነ ከኋላው ጥላ ይጥላል፣ በዚያ ይታወቃል። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ናት አይደል? እነዚህ ነጠብጣቦች አብዛኛውን ጊዜ የእሷን ግማሽ እንኳ አያክሉም። ጥላ የላቸውም። የጡቱ ሥጋ ራሱ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ነቁጥ የበዛበት ነው። ነጭ ጤፍ ውስጥ ጨው እንደ መፈለግ ነው።

ስለዚህ የአልትራሳውንዱ «ምንም የለም» የማሞግራፊውን «አለ» አይሽርም። እብጠት ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አልትራሳውንድ ያየው ሰው የማሞግራፊውን ፊልም ተመልክቶ ነበር?

የእማዬ ልጅ፦
ኧረ አልተመለከተም! እኛም አላሳየነውም። ሪፖርቱ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። 🙈

ሐኪሟ፦
ራዲዮሎጂስት ነኝ። ራጅ ክፍል በደንብ አስረድቷል። ሁለት ነገር ልጨምር።

ባይራድስ 4 «ካንሰር ነው» ማለት አይደለም። ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 ከመቶ በላይ እስከ 95 ከመቶ ድረስ ሰፊ ሜዳ ነው። ለዚህ ነው 4ኤ፣ 4ቢ፣ 4ሲ ተብሎ የሚከፈለው። ኤ ከሆነ እስከ 10 ከመቶ፣ ቢ እስከ 50፣ ሲ ከዚያ በላይ ነው። ሪፖርቱ ላይ ፊደል ካለ ፈልጊ። ግን ከወተት ቧንቧው ገና ያልወጣ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው በእነዚህ ነጠብጣቦች ብቻ ነው። በእጅ አይዳሰስም፣ አያምም። እናትሽ እብጠት የለኝም ማለታቸው አያዘናጋሽ።

አልትራሳውንድ ከንቱ ነው አላልንም። ፊልሙን አጠገቡ ዘርግቶ፣ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ባለው መፈተሻ ያንኑ ቦታ ብቻ ጊዜ ወስዶ የሚፈልግ ሐኪም አንዳንዴ ያገኘዋል። በተለይ ነጠብጣቦቹ ጠቆር ያለ እብጠት ውስጥ ወይም ሰፋ ያለ ቧንቧ ውስጥ ካሉ ብልጭ ይላሉ። ከተገኘ ናሙናውን በአልትራሳውንድ እየመሩ መውሰድ ይቻላል፤ ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው። ካልተገኘ በማሞግራፊ እየተመሩ ይወሰዳል። ያም ከሌለ ቀጭን ሽቦ ምልክት ተደርጎ ቀዶ ሐኪም ያወጣዋል።

የተወሰደው ናሙና ራሱ ራጅ ይነሣ። ካልሲየሙ ውስጡ ከሌለ መርፌው ስቷል ማለት ነው። «ናሙናው ራጅ ይነሣል ወይ?» ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። ማንም አይቆጣሽም፤ ቢቆጣም ጠይቂ።

ወተቱን ይጠጡ። የሚበላ ካልሲየም ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፤ በማሞግራፊ የሚመራውን ናሙና ሰጥቻለሁ። ለእናትሽ ንገሪያት። ቀዳዳ ያለው አልጋ ላይ በሆድ ያስተኙሻል፣ ጡትሽ በቀዳዳው ወደ ታች ይወርዳል። አልጋው ከፍ ይልና ከሥር ይሠራሉ፤ ጋራዥ የገባች መኪና መሰልኩ። ማደንዘዣው ሲገባ ይቆነጥጣል። ከዚያ የሚሰማሽ ግፊትና የመሣሪያው ድምፅ ነው። እኔን የከፋኝ አንገቴን አዙሬ መቆየቱ ነው። ቦታው እንዳይጠፋ ሰሊጥ የምታክል ብረት ውስጥ ትተውልኛል። የእኔ ውጤት ደህና ነበር። ሳላውቀው ብቀር ግን እንቅልፍ አልነበረኝም።

ራጅ ክፍል፦
ድጋሚ ማሞግራፊ ከተነሣች የዚያን ቀን ዲዮድራንት አትቀባ። ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ፊልም ላይ ካልሲየም መስሎ ሊወጣ ይችላል። ሲዲውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም።

የእማዬ ልጅ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦
ሲዲውን ይዘን ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን። መጀመሪያ ፊልሙን ከፍቶ ብዙ አየ። ከዚያ ያችኑ ቦታ ከሃያ ደቂቃ በላይ ፈተሻት። «ይኸውልሽ» ብሎ ሲያሳየኝ ጠቆር ያለች ነገር ውስጥ ሦስት አራት ነጫጭ ነጥቦች። እኔ ብቻዬን ብሆን በጭራሽ አላያቸውም። ናሙናው በአልትራሳውንድ ተወሰደ። ስለ ራጁ ጠየቅሁ፤ ሊያነሡት እየወሰዱት ነበር፣ ካልሲየሙም ታየ። ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

እማዬ መርፌውን ከጠበቀችው በላይ ቻለችው። ስንወጣ ደስ ብሎኝ «በቃ ወተትሽን ጠጪ፣ ፈቅደዋል» አልኳት።

«ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» አለችኝ።