አምስት ጓደኛሞች ክላሲካል፣ ጃዝና ፎክ በአኩስቲክ እየቀላቀልን ነበር፣ አልዋሃድ አለን

ጊታሪስቱ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። አምስት ጓደኛሞች ነን፣ ቫዮሊን፣ ቼሎ፣ ክላሪኔት፣ ደብል ቤዝ፣ እኔ ደግሞ የናይለን ክር ጊታር። ድራም የለም አምፕሊፋየርም የለም፣ ሆን ብለን ነው። ቫዮሊኗና ቼሎው ክላሲካል የተማሩ ናቸው፣ ክላሪኔቱ ጃዝ ነው ያደገበት፣ እኔና ቤዙ ደግሞ የህዝብ ዜማ በጆሮ እየለቀምን ነው እዚህ የደረስነው። ሀሳቡ ሶስቱን አንድ ማድረግ ነበር ግን ስንጫወት የተለያየ ጨርቅ አንድ ላይ የተሰፋ ነው የሚመስለው፣ መጀመሪያ ፎክ ዜማ፣ ከዛ ድንገት የጃዝ ሶሎ፣ ከዛ ቫዮሊንና ቼሎ ኮንሰርት ላይ ያሉ ይመስል ይዘረጉታል። ጊታሬማ ጭራሽ አይሰማም! ባለፈው በስልክ ቪዲዮ ቀርጸን ስናየው እጄ ሲሮጥ ይታያል፣ ድምጹ ግን የለም ሃሃ። ቫዮሊኗን ቀነስ አድርጊ እንዳልላት ደግሞ የልብ ጓደኛዬ ናት። ምን ትሉኛላችሁ?

ቼሎ በጓዳ፦
ወንድሜ ችግሩ የቫዮሊኗ ብቻ አይመስለኝም፣ ሁላችሁም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለምትጫወቱ ነው። ቼሎና ጊታር አንድ ሰፈር ነው የሚኖሩት፣ ቼሎው በቦው (በመሳቢያ ዘንጉ) ረጅም ድምጽ ሲስብ የናይለን ክር ኮርድህ (አንድ ላይ የምትመታቸው ድምጾች) እዛው ሰምጦ ይቀራል። አንተ ኮርድ ስትይዝ ቼሎው ወይ ዝም ይበል ወይ በጣቱ ይምታ። እ.ኤ.አ. 1934 ፓሪስ ላይ የተጀመረውን የጊታሪስቱን የጃንጎ ራይንሃርትና የቫዮሊኒስቱን የስቴፋን ግራፔሊን የጃዝ ኩዊንቴት (የአምስት ሰው ባንድ) ስማው፣ ያለ ድራም ነው፣ ግን ከጃንጎ ሌላ ሁለት ጊታር ሪትም ብቻ እየመታ ከስር ቤዝ አለ፣ ያውም በብረት ክር። አንተ ብቻህን በናይለን ያን ሁሉ ልትሸከም ነው? ደግሞ አቀማመጣችሁን ቀይሩ፣ ጊታር ፊት፣ ክላሪኔት ከኋላ። ነጻ መፍትሄ ነው።

ሁለት ክላሪኔት ተሸካሚ፦
እኔ የምለው በምን ኪይ (ዜማው የሚቆምበት ድምጽና ስኬል) ነው የምትጫወቱት? ክር መሳሪያዎች ዲ እና ኤ ይወዳሉ ምክንያቱም በነዚህ ድምጾች ክፍት ክር (ጣት ሳይጫነው የሚመታ) አላቸው፣ ቢ ፍላት ክላሪኔት ግን ከሚያነበው አንድ ቶን ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ የእናንተ ኤ ሜጀር ለሱ ቢ ሜጀር ነው፣ 5 ሻርፕ (በግማሽ ቶን ከፍ የሚደረግ ድምጽ)። ከዛ ሶሎ ላይ ለምን ተንተባተብክ ትሉታላችሁ። ወይ ኤ ክላሪኔት ይያዝ (ያኔ ኤ ሜጀር ለሱ ሲ ሜጀር ይሆንለታል) ወይ ዲ ማይነር ሞክሩ፣ ቫዮሊኗ የዲ እና የኤ ክፍት ክሯን አታጣም፣ እሱም 1 ሻርፕ ብቻ ነው የሚያየው። የህዝብ ዜማ ይሰበስብ የነበረው የሀንጋሪ አቀናባሪ ባርቶክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1938 ለጃዝ ክላሪኔቲስቱ ለቤኒ ጉድማን ለቫዮሊን፣ ክላሪኔትና ፒያኖ የጻፈው ላይ ሁለቱንም ክላሪኔት እያፈራረቀ ነው የሚያስነፋው። ክላሲካል፣ ፎክና የጃዝ ሰው አንድ ላይ፣ ማለት የናንተው ጉዳይ እኮ ነው።

በጆሮ_ብቻ፦
ከላይ ባርቶክ ስለተነሳ፣ ሰውዬው ገጠር ለገጠር በፎኖግራፍ ዜማ እየቀዳ ነው የሰራው፣ መጀመሪያ ሰማ ከዛ ጻፈ። ለክላሲካሎቹ ኖታ አትስጧቸው! አንተ ዜማውን ጊታር ላይ ተጫወትላቸው፣ እነሱ በጆሮ ይያዙት፣ ወረቀት ላይ የማይጻፉት ትንንሽ መንሸራተቻዎች ያኔ ነው የሚገቡት። ስዊንግም (የጃዙ የሚወዛወዝ አመታት) እንደዛው ነው፣ ሁለቱ ኤይትዝ (አንድ ምት ለሁለት ሲከፈል) እኩል አይደሉም የመጀመሪያው ይረዝማል፣ ግን ምን ያህል እንደሚረዝም በፍጥነቱ ስለሚለያይ ኖታ አያስተምርህም፣ ከክላሪኔቱ ጋር ቁጭ ብለው አፍ በአፍ ይድገሙት።

የጨርቅ ስፌት ላልከው ደግሞ ጃዙን ከሶሎ አውጡና ከዜማው ስር አስገቡት። ዜማው ግማሽ ቶን የሌለው ባለ 5 ድምጽ ከሆነ፣ በለው ጂ ኤ ቢ ዲ ኢ፣ ከስሩ ጂ ሜጀር፣ ኢ ማይነር 7፣ ሲ ሜጀር 7፣ ኤ ማይነር 7 ብትቀያይር አንዱም አይጋጭም። ዜማው ሳይነካ በየዙሩ ፊቱ ይለዋወጣል። እኛ ጋ አንዱን ዜማ ሶስት ጊዜ ስንደግመው ቤዙ ብቻ መንገድ ቀየረ፣ ቫዮሊኒስታችን "ዜማውን ቀየራችሁት እንዴ?" ብላ ቆመች። አልቀየርንም ነበር።

ጊታሪስቱ፦
ወይ ጉድ፣ ኪዩን አስቤው አላውቅም፣ ሁሌ ኤ ሜጀር ነው የምንጫወተው ለካ ልጁን ስንገድለው ነው የከረምነው። ትናንት ዲ ማይነር ላይ አደረግነው፣ ቼሎው በጣቱ እየመታ። እኔ ተሰማሁ! ግን አሁን ቤዙ እኔን ቀንስ አለኝ።

ቼሎ በጓዳ፦
ሃሃ እሱን ቪዲዮ ላክልን።